በቀትር የምትመጣው

ከአባይ ቆላ፣ የካቲት 12 ቀን 1931 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ባለቤቴ ለእህተ ማርያም፤ ቡሬ።

ከተለየሁሽ ጀምሮ እንደምን ከርመሻል? አባትሽስ እንደምን ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። የዘገየሁት ረስቼሽ ሳይሆን ወረቀት አጥቼ ነው። ይህችንም ያገኘሁት ጨው ነጋዴዋ ታንጉት ከዕቃ መጠቅለያዋ ቀድዳ ሰጥታኝ ስለሆነ ጠርዟ ቢቆሽሽ ይቅር በይኝ።

ሙቀቱ እንዴት ነው ብለሽ በታንጉት ጠይቀሽኛል። ምን ብዬ ልንገርሽ! እኛ ደጋ ፀሐይ የምትመጣው ከላይ ነው፤ እዚህ ግን ከመሬትም ትወጣለች። ከድንጋዩ፣ ከአፈሩ፣ ከምሳሩ እጀታ ሁሉ ትወጣለች። ረፋድ ላይ ከወንዙ ማዶ ያለው ገደል መርገብገብ ይጀምራል፤ ቀትር ሲሆን ከመሬት ተነሥቶ የሚንሳፈፍ ይመስላል። መጀመሪያ ሳየው ፈርቼ ነበር። አሁን ግን ደስ ይለኛል፤ አገሩ ሁሉ ተኝቶ የሚያልም ይመስለኛል።

ባለመሬቱ እጅጉ ቃሉን አክብሮ መሬት ሰጥቶኛል። ዝናብ ሳይጥል የመነጠርሁትን ያህል የእኔ ነው። ጣሊያን ቤታችንን ካቃጠለ፣ በሬዎቻችንንም ከነዳ ወዲህ እንዲህ ያለ ቃል የሰጠኝ ሰው የለም። ማሽላ እዘራበታለሁ። ለከርሞ ከአባትሽ ቤት ወጥተሽ የራስሽ ጎተራ ይኖርሻል።

እጅጉ የቆላ ሰው ነው፤ ሥራውን እንደ ቅዳሴ ሥርዓት አውጥቶለታል። ጎህ ሳይቀድ ምሳር ይነሣል፤ ፀሐይ ከገደሉ በላይ ስትወጣ ምሳር ይቀመጣል። እስክታዘነብል ድረስ ሰው ሁሉ ሾላው ሥር ነው። ራስ ላይ እርጥብ ጨርቅ ይጠመጠማል። ውሃ የሚጠጣው ሳይጠማ ነው፤ ከጠማህማ ዘግይተሃል ይላል። ከደጋ የወረደ ሰው የመጀመሪያውን ሰሞን ግማሽ ቀን ብቻ ነው የሚሠራው። ከሁሉ ያሳቀኝን ልንገርሽ። ብቻውን የሚመነጥር ሰው የለም፤ ሁለት ሁለት ሆነው እየሠሩ አንዱ ድንገት ሌላውን የበሬህ ስም ማነው ይለዋል። ቶሎ ካልመለሰ ምሳሩን ቀምተው ጥላ ሥር ያስተኙትና ውሃ ያፈሱበታል። ሰውን ፀሐይ ስትመታው መጀመሪያ የሚጠፋው የበሬው ስም ነው አሉ። አምና አንድ የጃቢ ሰው ብቻውን ሲመነጥር ውሎ ሞቶ አገኙት። ይህን የምነግርሽ እንድትሰጊ አይደለም።

እኔ ግን ጾሙ ከገባ ወዲህ ከእጅጉ ጋር አልተስማማንም። የዚህ አገር ሰው በሁዳዴም ቢሆን ውሃ ይጠጣል፤ ቄሳቸው ፈቅደውላቸዋል። እኔ ድቁና ተቀብዬ ያደግሁ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ባፌ አላዞርም። እሱ ተቆጣ፣ እኔ ሳቅሁ፣ በዚሁ አለፈ። ቀትር ላይም ሌሎቹ ሲተኙ ጥቂት እጨምራለሁ፤ ዝናቡ እኔን ብሎ አይቆይልኝም።

አንድ ሌላ የምጽፍልሽ ነገር ነበር፤ ይቆይ። የክረምቱን ነገር አሁንም እንዳታነሺብኝ አደራ።

ባልሽ ደረሰ።


ከቡሬ፣ የካቲት 21 ቀን 1931 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ ለጌታዬ ለደረሰ።

እንደምን ሰነበቱ? እኔ ደኅና ነኝ፤ አባቴም ከጉልበታቸው በቀር ደኅና ናቸው። ዳዊት ያስተማርኋት ለባሏ ደብዳቤ እንድትጽፍ አልነበረም እያሉ ያጉረመርማሉ፤ ቀለሙን ግን ራሳቸው ናቸው የሚበጠብጡልኝ።

ከተማው ያው እንደነበረ ነው። ጣሊያኖቹ ከምሽጋቸው አልራቁም፤ መኪናቸው ቀኑን ሙሉ አቧራ ያስነሣል። ገበያው ይቆማል፤ ሰው ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚገበያየው። ታንጉት በኬላው እንዳትያዝ ብላ ደብዳቤዎን ከጨው ከረጢቱ ሥር ስለምትደብቀው ወረቀቱ ጨው ጨው ይላል።

ምን የሚሉት ነገር ነው «የምጽፍልሽ ነገር ነበር፤ ይቆይ»? ሰው በር አንኳኩቶ ይሄዳል እንዴ? ከዚያ ወዲህ ፈትሉ እየተበጠሰብኝ ነው። ስለ ውሃው እኔ አልፈርድም፤ ዲያቆን ያገባሁት ዓይኔ እያየ ነው። የበሬዎቻችንን ስም ግን ደጋግመው ይጥሩልኝ። ከተነዱ ወዲህ ማን ስማቸውን እንደሚጠራ አላውቅም።

አሁን አታንሺብኝ ያሉትን ላነሣ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ። ልጃችን አደይ ያን ክረምት ጫካ ተደብቀን ሳለን ስትሞት እርስዎ እህል ፍለጋ ሄደው ነበር። ሲመለሱ እንዴት ሆና ነበር ብለው አልጠየቁኝም፤ እኔም አልነገርሁዎትም። ባለመጠየቅዎ አልቀየምሁም። የሚያስፈራኝ ፊቷ እየጠፋብኝ መሆኑ ነው። ስድስት ዓመት ያየሁትን ፊት ያ የሳል ሰሞን ሸፈነብኝ። ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣልኝ የመጨረሻው ፊቷ ብቻ ነው። እርስዎ ያንን አላዩትምና ጤነኛዋ አደይ እርስዎ ዘንድ ሳትኖር አትቀርም። እስኪ አንድ ነገር ይጻፉልኝ። ስትስቅ ጥርሷ እንዴት ነበር?

እህተ ማርያም።


ከአባይ ቆላ፣ የካቲት 29 ቀን 1931 ዓ.ም.

ውድ እህተ ማርያም፤

ሰላምታዬ ከወንዙ ዳር ይድረስሽ። ስለ ጥርሷ ጠየቅሽኝ። ከላይ ፊት ለፊት ያሉት ሁለቱ ወልቀዋል፤ ስትስቅ በክፍተቱ ምላሷን ብቅ ታደርጋለች። ይህን የምጽፍልሽ አስታውሼ አይደለም። ትናንት አይቻታለሁ።

ወረቀቱን እንዳትጥይው። አላበድሁም። ይቆይ ያልሁሽ ነገር ይህ ነው፤ ጥርሷን ባትጠይቂኝ ኖሮ እስካሁንም ባልነገርሁሽ።

ቀትር ላይ ሰው ሁሉ ሾላው ሥር ተኝቶ፣ ወፉ እንኳ ዝም ሲል፣ ያ የሚርገበገበው አየር ከወንዙ ተነሥቶ ወደ ምንጣሮዬ ይመጣል። መጀመሪያ ውሃ ይመስላል፤ መሬቱን ሁሉ በዝግታ ይሸፍነዋል። እሷ ከዚያ ውስጥ ነው የምትወጣው። አንቺ የፈተልሽላትን ቀሚስ ለብሳለች፤ እግሯ አቧራ የለውም። ከቆረጥሁት ግንድ ላይ ትቀመጥና እግሯን ታወዛውዛለች። የምሳር አያያዜ ያስቃታል። ትናንት «አባዬ፣ ዛፉን እያሻሸኸው ነው እኮ» አለችኝ።

የመጀመሪያ ቀን ደንግጬ በስመ አብ ብዬ አማተብሁ። ክፉ መንፈስ ቢሆን ይጠፋ ነበር። እሷ ግን አብራኝ አማተበች፤ ያውም እንደ ድሮዋ በግራ እጇ። ያን ጊዜ የጾሙ በረከት መሆኑን አመንሁ። አባቶች በበረሃ ተርበውና ተጠምተው ያዩትን ሲነበብልን አይደል ያደግነው? ለእኔ ለኃጢአተኛው ደግሞ እግዚአብሔር ልጄን አሳየኝ። ሳልሰናበታት የሄደችብኝን ልጅ ማለቴ ነው።

ባለፈው እጅጉ የበሬህ ስም ማነው ሲለኝ አደይ ብዬ መለስሁለት። ሰዎቹ ሳቁ። እጅጉ አልሳቀም። ምሳሬን ቀምቶ፣ ጎትቶ ጥላ ሥር አስተኛኝ፤ ራሴ ላይ ውሃ አፈሰሰ፤ ጥቂትም በግድ አስዋጠኝ። ቀና ብዬ ሳይ ግንዱ ላይ ማንም አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ከኮረብታው ጀርባ ብቻዬን ነው የምመነጥረው። ውሃ ከጠጣሁ አትመጣም፤ ይህን ለይቼ አውቄዋለሁ።

ለማንም እንዳትነግሪ። ለንስሐ አባታችን ለአባ ክንፈሚካኤልም ቢሆን እንዳትነግሪ።

ደረሰ።


ከቡሬ፣ መጋቢት 3 ቀን 1931 ዓ.ም.

ጌታዬ፤

ታንጉት ልትወርድ ነውና ሰላምታውን ብዘለው ይቅር ይበሉኝ።

ደብዳቤውን ጓሮ ገብቼ፣ ጌሾው ሥር ተቀምጬ አነበብሁት። እንደገናም አነበብሁት። አባቴ ሲጠሩኝ እንዳልሰማ ሆንሁ። ያችን ቀሚስ አልብሼ ነው የቀበርኋት። እርስዎ አልነበሩም፤ ማንም አልነገረዎትም። ስለዚህ እሷ ናት ብዬ አመንሁ።

እጅጉ የተቆጣበትን ሳስብ ልቤ ይፈራል። ግን ናፍቆቴ ከፍርሃቴ በለጠ፤ ምን ላድርግ? ይጠይቁልኝ። ሳል አላት? ስትተነፍስ ደረቷ ድምፅ ያሰማል? ይበርዳታል? ጸጉሯን ማን ይሠራላታል? የእኔን ስም ታነሣለች? ተቀይማኛለች?

ሁሉንም በአንድ ጊዜ አይጠይቋት፤ ልጅ ናት፣ ትሰለቻለች። በየቀኑ አንድ አንድ ይጠይቁልኝ።

ጨው ልኬልዎታለሁ። ራስዎን ይጠብቁ ብዬ ልጨርስ ነበር፤ እጄ ግን ቶሎ ይመልሱልኝ ብሎ ጻፈ።

እህተ ማርያም።


ከአባይ ቆላ፣ መጋቢት 11 ቀን 1931 ዓ.ም.

እህተ፤

በየቀኑ አንድ አንድ ጠይቄያታለሁ።

ሳል የላትም። ደረቷ ላይ ጆሮዬን አድርጌ አዳመጥሁ፤ የሚሰማው የወንዝ ድምፅ ነው። አይበርዳትም። ጸጉሬን ነፋስ ይሠራልኛል አለችኝ። የአንቺን ስም ስጠራላት ወደ ደጋው በጣቷ ትጠቁማለች። አልተቀየመችሽም፤ የተቀየመ ሰው እንዲህ አይስቅም።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየቱ አልበቃኝም። ዘጠኝ ሰዓት ሲደርስ እጠጣለሁ፤ ስጠጣ ትሄዳለች። ስለዚህ ፀሐይ እስክትጠልቅ አቆየዋለሁ። ጥማት እኮ ጥቂት ከቆየ ይተዋል፤ ታውቂ ነበር? ላቤም ቀርቷል። ቆዳዬ እንደ ብራና ደርቋል። ይህን ለእጅጉ ስነግረው ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ፤ ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ላብ የቀረለት ሰው ሙቀቱን ለመደው ማለት አይደለም? እጅጉ ከጧት እስከ ማታ ይከተለኛል፤ እኔም እደበቀዋለሁ፤ እሷም አብራኝ ትደበቃለች፤ ጨዋታ ሆኖልናል።

ራሴን ያመኛል እንጂ ሌላ ምንም የለኝም። ስሄድ እግሬ መሬት የሚነካ አይመስለኝም። እንደ እሷ እግር አቧራ የለውም።

ዛሬ ከግንዱ ተነሥታ እጇን ዘረጋችልኝ። ወንዙን እንሻገር አለች። ማዶው ጥላ ነው፤ ገደሉ ከፍ ብሎ ከሥሩ በር ይታያል። ከኮረብታው ጀርባ ጥቂት ዛፍ ስለቀረኝ ምንጣሮውን ልጨርስና እሄዳለሁ አልኋት። ሌላ ምን ጠይቀሽኝ ነበር? ጸጉሯን ማን እንደሚሠራላት ነበር። ነፋስ ነው። ሳል የላትም።

ደረሰ።


ከቡሬ፣ መጋቢት 15 ቀን 1931 ዓ.ም.

ይድረስ ለባለቤቴ ለደረሰ።

ይህን ደብዳቤ ታንጉት ጭነቷን ትታ፣ ለእኔ ስትል ብቻ ነው ይዛው የምትወርደው። ጥላ ሥር ተቀምጠው ያንብቡት።

ያየችውን ሁሉ ነግራኛለች። ከንፈርዎ ተሰነጣጥቋል፤ ዓይንዎ ጎድጉዷል። እሷን በእኔ ስም ጠሯት። ወደ ወንዙ እያዩ ብቻዎን ይስቁ ነበር አለችኝ። ታንጉት ዕድሜዋን ሙሉ ቆላ የተመላለሰች ሴት ናት። በዚያ ሐሩር ላቡ የደረቀ ሰው ካልጠጣና ካልቀዘቀዘ ውሎ አያድርም አለች። የአምናው የጃቢ ሰውም ሊሞት ሰሞን የሞተች ሚስቱን አየሁ ይል ነበር አሉ።

በየቀኑ አንድ አንድ ይጠይቁልኝ ብዬ ውሃ ያስተውሁዎት እኔ ነኝ። ከእንግዲህ አንድም አልጠይቅም።

እንዳትነግሪ ያሉኝን ለአባ ክንፈሚካኤል ነገርኋቸው። እስክጨርስ ሰሙኝ። ከዚያ «ውሃውን ፈትቼዋለሁ በይው። የሱን ጾም እኔ እጾምለታለሁ፤ እኔ ጥላ ሥር የምውል ሽማግሌ ነኝ። የሚሠራ ሰው ግን ይጠጣ» አሉኝ። ይህ የእሳቸው ቃል ነው፤ አንድም አልጨመርሁበትም።

የእሳቸው ቃል ብቻ እንደማይበቃዎ አውቃለሁ። ውሃውን የከለከለዎት ጾሙ አይደለምና። ስለዚህ የክረምቱን ነገር አነሣለሁ። ሁሉንም አይደለም፤ መጨረሻውን ብቻ።

በዚያን ቀን ሰውነቷ እንደ እሳት ይፋጅ ነበር። ውሃ ውሃ አለች። ምንጩ አጠገብ ወታደሮች ሰፍረው ነበር፤ ቢሆንም በደረቴ እየተሳብሁ ወርጄ በቅል ቀዳሁላት። አንድ ጊዜ ተጎነጨች፤ ደግሞም ተጎነጨች። ከዚያ ቅሉን በእጇ ገፋችው። ጠጪ እንጂ ልጄ አልኋት። «የቀረው ለአባዬ ነው፤ ሲመጣ ይጠማዋል» አለች። ከዚያ በኋላ ቃል አልወጣትም።

ውሃውን አልደፋሁትም። በማግስቱ እህሉን ተሸክመው ሲመጡ ቅሉን ሰጠሁዎት፤ ጠጡት። ከማን እንደተረፈ አልጠየቁኝም፤ እኔም መናገር አቃተኝ።

የእኔ ልጅ ይህች ናት። ለአባቷ ውሃ ታስቀራለች እንጂ ውሃ አትከለክለውም። ያች ግንዱ ላይ የምትቀመጠው ማን እንደሆነች አላውቅም። ቀሚሷ አሳምኖኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው ግን ልጃችን ሌላ ቀሚስ ኖሯት ያውቃል? እርስዎስ ሌላ ምን ለብሳ ሊያስቧት ኖሯል? እንግዲህ ፊት ለፊቷ ይጠጡ። አደይ ከሆነች ደስ ይላታል። ውሃ አይታ ከሄደች የእኛ አልነበረችም።

በአንድ ጊዜ ጭልጥ አያድርጉት። ከላክሁልዎት ጨው ቆንጠር አድርገው፣ በጥቂት በጥቂቱ ይጎንጩ። ራስዎን በእርጥብ ነጠላ ይጠምጥሙ። ፀሐይ እስክታዘነብል ከጥላ አይውጡ፤ ከእጅጉም ዓይን አይራቁ። መሬቱ ይቅር። እኔ አባቴ ቤት ጎተራ አልቸገረኝም። ለሁለት ሰው ማልቀስ ግን አልችልም፤ የአንዷን እንኳ ገና አልጨረስሁም።

ስታዘዝዎት ኖሬያለሁ። ዛሬ እርስዎ ይታዘዙኝ።

እህተ ማርያም።


ከአባይ ቆላ፣ ሚያዝያ 5 ቀን 1931 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ባለቤቴ ለእህተ ማርያም።

እንኳን ለትንሣኤው አደረሰሽ። መልሴ የዘገየው በሕይወት ስላልነበርሁ እንዳይመስልሽ ታንጉትን አስቀድሜ ልኬልሽ ነበር። እጄ ገና ይንቀጠቀጣልና ጽሕፈቴ ቢጣመም አባትሽ እንዳይስቁብኝ።

ታንጉት እጅጉን አስከትላ ስትመጣ ከኮረብታው ጀርባ ነበርሁ። የመጨረሻዋ ዛፍ ቀርታኝ ነበር። ጥላ ሥር አንብበው ብለሽ ነበር፤ እኔ ግን ግንዱ ላይ ነው ያነበብሁት፤ እሷ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። ፊደሉ እየሮጠ ስላስቸገረኝ ታንጉት በጣቷ እየያዘችልኝ ነው የጨረስሁት። የአደይ ቃል ላይ ስደርስ ቅሉን ስጠኝ አልሁት እጅጉን።

ፊት ለፊቷ ጠጣሁ። እያየችኝ ነበር። የተቆጣችም፣ ያዘነችም አትመስልም። አንዴ ተጎነጨሁ፤ ደገምሁ፤ ቀና ስል ግንዱ ግንድ ብቻ ነበር። ማን እንደነበረች አሁንም አላውቅም፤ አትጠይቂኝ። ወዲያው ማልቀስ ጀመርሁ። ዕንባዬ ሲወርድ እጅጉ ተመስገን አለ፤ እስከዚያ ለዕንባ የሚሆን ውሃ ከሰውነቴ አልቆ ነበር አሉ።

ከዚያ በኋላ ያለውን የነገሩኝ ሌሎች ናቸው። ተሸክመው ወንዝ ዳር ወስደው፣ ልብሴን አርሰው አለበሱኝ፤ እየተፈራረቁ አራገቡልኝ። ብዙ ቀን እጅጉ ጎጆ ተኝቼ ከረምሁ። አባ ክንፈሚካኤል ጾሜን እየጾሙልኝ ነው ብዬ ሳስብ አፍር ነበር። ጉልበታቸውን ስሚልኝ።

አሁን ጎህ ሳይቀድ ከሰዎቹ ጋር እነሣለሁ፤ ፀሐይ ስትወጣም ከሰዎቹ ጋር እቀመጣለሁ። መሬቱ ያሰብሁትን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ለሁለት ሰው ግን ይበቃል። ቀትር ላይ አየሩ እንደ ድሮው ይርገበገባል፤ ሾላው ሥር ሆኜ አየዋለሁ። ውሃ ይመስላል፤ ቀስ እያለ ይመጣል፤ ከውስጡ ግን ማንም አይወጣም። ሰውነቴ ድኗል፤ ልቤ ግን ደስ አይለውም። ይህን ልደብቅሽ አልፈልግም።

ያ የቅል ውሃ ትዝ አለኝ፤ እህተ። ሞቅ ያለ ነበር፤ ጭስ ጭስ ይል ነበር። እስከ ጭላጩ ጠጥቼ፣ አፌን በእጄ ጠርጌ ነው አደይስ ያልሁሽ። አንቺም ዝም አልሽ። እኔ ደግሞ ዝምታሽን ሰምቼ ሌላ ምንም መስማት አልፈልግም አልሁሽ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ብቻሽን ይዘሽው ኖርሽ።

አሁን ያን ቀን ከጧቱ ጀምረሽ ጻፊልኝ። ሳሏንም፣ ትንፋሿንም፣ አንቺ የሆንሽውንም፣ አንድ ሳታስቀሪ ጻፊልኝ። ጥላ ሥር ተቀምጬ አነበዋለሁ፤ ውሃዬም አጠገቤ ነው።

ባልሽ ደረሰ።